ሰባት የሸሚዝ ቁልፎች፦ ስለ ዶፓሚን የስምንት ወር ማስታወሻዬ

ሰላም ለሁላችሁ። መስከረም ላይ «ዶፓሚንን ከሥሩ ልማር ነው» ብያችሁ ነበር። ስምንት ወር ሞላኝ። ሁለተኛው ደብተር ላይ ደርሻለሁ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

አዲስ ለሆናችሁ፣ ሥራዬ ሒሳብ ነው። ከባዮሎጂ ጋር የተለያየነው አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ወደዚህ ያመጡኝ አባባ ናቸው። ነሐሴ ላይ የነርቭ ሐኪም አያቸውና ፓርኪንሰን የሚባል ሕመም መሆኑን ነገረን። «አንጎላቸው ውስጥ ዶፓሚን እያነሰ ነው» አለ። እኔ እስከዚያ ቀን ዶፓሚን ሲባል የማውቀው ስልክ ስንነካካ ይለቀቃል የሚባለውን «የደስታ ሆርሞን» ብቻ ነበር። እና ግራ ገባኝ። ደስታ ያነሰው ሰው እጁ ለምን ይንቀጠቀጣል? ከወንበር መነሳት ለምን ያቅተዋል? ይህ ጥያቄ ነው ደብተር ያስገዛኝ።

መጀመሪያ ያነበብኩት ስለ ምልክቶቹ ነበር። ያን ሰሞን ብዙ አልቅሻለሁ። ምልክቶቹ ለካ ዓይናችን ሥር ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት እማማ ቡና ምድጃ ላይ ጥደው ወጣ አሉ። አባባ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። ቡናው አሮ ቤቱ በጭስ ታፈነ። «እንዴት ዝም ይላሉ?» ተባሉ። «ምንም አልሸተተኝም» አሉ። አላመንናቸውም። ማሽተት አለመቻል ግን መንቀጥቀጡ ከመምጣቱ ዓመታት ቀድሞ ሊታይ ይችላል። የሆድ ድርቀትም እንደዚያው።

ከዚያ የዕድሩን መዝገብ አወጣሁ። አባባ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነበሩ። ጽሕፈታቸው ጎላ ያለ፣ እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል ያማረ ነበር። ገጾቹን ስገልጥ ፊደሎቹ ቀስ በቀስ እየኮሰመኑ ሄዱ። መስመሩ ሲጀምር ደህና ነው፤ ወደ ቀኝ ሲሄድ ያንሳል፤ ጫፉ ላይ ያሉትን ስሞች ለማንበብ መዝገቡን ወደ መስኮት ወስጄ ነው ያነበብኳቸው። ለዚህም የሕክምና ስም አለው። ፊታቸው ደግሞ መፈታት ትቶ ነበር። እማማ አኩርፈዋል ብለው ስንት ወር ተቀየሟቸው። ኩርፊያ አልነበረም፤ የፊት ጡንቻም የሚታዘዘው በዚያው መንገድ ነው።

አሁን ወደ አንጎል። ዶፓሚን የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል ነው። መካከለኛው አንጎል ውስጥ ሰብስታንሺያ ኒግራ የሚባል ትንሽ ቦታ አለ። ጥቁሩ ነገር ማለት ነው፤ ሴሎቹ ጥቁር ቀለም ስላላቸው። ፓርኪንሰን ባለበት ሰው ሴሎቹ ስለሚሞቱ ያ ጥቁረት ይደበዝዛል። አንጎላችን 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች አሉት። በዚህ በመካከለኛው ክፍል ዶፓሚን የሚሠሩት ግን አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞሉም። ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ አጣራሁት። ከዚህ ሁሉ ሠራዊት እፍኝ የማይሞሉት ናቸው ሰውን ከወንበር የሚያስነሱት።

ታሪኩን ሳነብ ደግሞ አንድ ሌሊት ሳልተኛ ነጋ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ዶፓሚን በላብራቶሪ የተሠራው በ1910 ነው፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ኖርአድሬናሊን የተባለውን ሌላ የነርቭ መልእክተኛ ለመሥራት መሸጋገሪያ ከመሆን ያለፈ ሥራ የለውም ተብሎ ነበር የሚታሰበው። በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ለጥንቸሎች ሬዘርፒን የሚባል፣ የአንጎልን ዶፓሚን የሚያሟጥጥ መድኃኒት ሰጠ። ጥንቸሎቹ ጆሯቸው ወድቆ፣ መንቀሳቀስ አቅቷቸው ተኙ። ከዚያ ሰውነት ወደ ዶፓሚን የሚቀይረውን ኤል-ዶፓን ወጋቸው። በደቂቃዎች ውስጥ ጆሯቸው ቆመ፤ ተነሱ፤ ተራመዱ። ሰውየው ለዚህ ሥራው በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በ1960 ደግሞ ቪየና ላይ ኦሌህ ሆርኒኪየቪች በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምሮ ዶፓሚኑ ክፉኛ መጉደሉን አሳየ። በዓመቱ ከአልጋ መነሳት ያቃታቸው ሕሙማን ኤል-ዶፓ በደም ሥር ተሰጥቷቸው ለጥቂት ሰዓታት ተነሱ። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ የተባለ ግሪክ ተወላጅ ሐኪም አሜሪካ ውስጥ በአፍ የሚወሰደውን ከትንሽ ጀምሮ ቀስ እያለ በመጨመር የሚሠራበትን መንገድ አገኘ። አባባ ጠዋት ጠዋት የሚውጧት ኪኒን የዚያ ጥንቸል የልጅ ልጅ ናት። እንደዚያ ነው የማስባት።

ዶፓሚኑን ራሱን ለምን አይሰጧቸውም? ይህን ለመረዳት ሳምንት ፈጀብኝ። በደምና በአንጎል መካከል እንደ ጥብቅ ዘበኛ የሚቆም አጥር አለ። ዶፓሚንን አያሳልፍም። ሌቮዶፓን (ያው ኤል-ዶፓ ነው) ግን ያሳልፋል፤ ከምግብ የምናገኘው የፕሮቲን ቅንጣት ስለሚመስል በዚያው በር ይገባል። ከገባ በኋላ ወደ ዶፓሚን ይቀየራል።

እዚህ ላይ ነው ሒሳብ ሠራተኛነቴ የጠቀመኝ። በሩ አንድ ከሆነ፣ ፕሮቲንና ኪኒኑ አንድ ላይ ሲመጡ ይጋፋሉ ማለት ነው። አባባ ደግሞ ኪኒኑን የሚውጡት ከእንቁላል ፍርፍር ጋር ነበር! ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ፤ የዋጡበት ሰዓት፣ የበሉት፣ የሸሚዝ ቁልፍ ለመቆለፍ የፈጀባቸው ጊዜ። ሸሚዛቸው ሰባት ቁልፍ አለው። አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ ስልኬን ይዤ ሰዓት እቆጥራለሁ። አውራ ጣታቸው ቁልፏን ያገኛታል፤ ቀዳዳው ጋ ሲያደርሳት ታመልጣለች። እንደገና ያገኟታል። ሦስተኛዋ ላይ ሁልጊዜ ያርፋሉ። ላግዝዎት ስላቸው «ተይኝ ልጄ፣ ቁጠሪ» ይሉኛል። ከእንቁላሉ ጋር በዋጡበት ሳምንት ከአንድ ሰዓት በኋላ እንኳ ከአራት ደቂቃ በላይ ይፈጅባቸው ነበር። ዶክተሩን ጠይቀን ኪኒኑን ከቁርስ 45 ደቂቃ ቀደም አደረግነው። ወደ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ወረደ። የመጀመሪያ ቀን ሰዓቱን ሳሳያቸው ምንም አላሉም፤ ሸሚዙን ፈትተው እንደገና ቆለፉት።

ሁዳዴ ሲገባ ሌላ ነገር አየሁ። ጠዋት ምግብ ስለሌለ የጠዋቱ ኪኒን ጥሩ ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ግን ሽሮውና ባቄላው ከኪኒኑ ጋር ይገጥማል። ሽሮ ፕሮቲን መሆኑን ረስቼው ነበር። በነገራችን ላይ አባባ «በጾም ጠዋት እንዴት እውጣለሁ» ብለው ሊተዉት ነበር። በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። የንስሐ አባታቸው መጥተው «መድኃኒት ነው፣ ይዋጡ» ስላሏቸው እፎይ አልን።

ባቄላ ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን ሳገኝ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። ሌቮዶፓ መጀመሪያ ከተፈጥሮ የተለየው በ1913 ነው፤ ያውም ከባቄላ! ማርከስ ጉገንሃይም የተባለ ኬሚስት ባዝል ከተማ ውስጥ ከባቄላ አወጣውና ሁለት ግራም ተኩል ራሱ ዋጠ። ክፉኛ አስመለሰው። እኛ አገር በጥቅምት የምንበላው እሸት ውስጥም አለ፤ ከደረቁ ይልቅ በለጋው ይበዛል። መጠኑ ግን ከማሳ ማሳ፣ ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ የመድኃኒት ምትክ አይሆንም። አባባ እሸት በበሉበት ቀን ደብተሬ ላይ ምልክት አደርጋለሁ፤ ከዚያ በላይ አልሄድም።

ጉገንሃይምን ያስመለሰው ነገር ስለ ሰውነት ብዙ አስተማረኝ። ሌቮዶፓ አብዛኛው አንጎል ከመድረሱ በፊት አንጀትና ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ውስጥ ወደ ዶፓሚን ይቀየራል። ያ ዶፓሚን ደግሞ ማስመለሻውን ማዕከል ይነካል፤ ማዕከሉ ከዘበኛው አጥር ውጭ ነውና። ለዚህ ነው ኪኒኑ ውስጥ ካርቢዶፓ የሚጨመረው፤ በመንገድ ላይ መቀየሩን ይከለክላል፣ ራሱ ግን አንጎል ውስጥ አይገባም። ብልሃቱ ደስ ይላል!

ይህን ሳላውቅ የሆነብንን ልንገራችሁ። ኅዳር ላይ አባባን ክፉኛ አቅለሸለሻቸው። አቅራቢያችን ወዳለ ክሊኒክ ወሰድናቸው። ሜቶክሎፕራሚድ ወጓቸው። ማቅለሽለሹ ቆመ። ማታ ግን እንደ እንጨት ደረቁ። ጉርሻ መዋጥ አቃታቸው። ይህ መድኃኒት ዶፓሚን የሚያርፍበትን ቦታ ይዘጋል፤ አጥሩንም አልፎ አንጎል ውስጥ ይገባል። ዶፓሚኑ ባለቀበት ሰው ላይ በር መዝጋት ማለት ነው። ዶክተራችን በስልክ አስቆመን። አሁን «ፓርኪንሰን አለባቸው» የሚል ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ አለ። ቤታችሁ ሕመምተኛ ካለ ይህን ዛሬውኑ አድርጉ።

ዶፓሚን በሰውነት ውስጥ ሌላም ሥራ አለው። ኩላሊት ራሱ ዶፓሚን ሠርቶ ጨው ለማስወጣት ይጠቀምበታል። ዓይናችንን ከብርሃን ጋር ያስማማል። የጡት ወተት እንዲመረት የሚያደርገውን ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ልጓም ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ የወደቀ የደም ግፊትን ለማንሳት በደም ሥር ይሰጣል። እነዚህን ገና በደንብ አላጠናሁም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ደስታስ? ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለው ተመራማሪ የጦጣዎችን የዶፓሚን ሴሎች አዳመጠ። መጀመሪያ ሴሎቹ የሚነሱት ጭማቂው አፍ ውስጥ ሲገባ ነው። ከጭማቂው በፊት መብራት እንደሚበራ ሲለምዱ ግን ለመብራቱ ይነሳሉ፤ ለጭማቂው ዝም። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረ፣ ሊመጣ በነበረበት ቅጽበት ድምፃቸው ይወርዳል። እኔ በደመወዝ ነው የገባኝ። በ30 ስልኬ ጢን ሲል ባንክ ነው። ብሩን ገና አልነካሁትም፤ ልቤ ግን ከጢኑ ጋር ተነስታለች። ያልጠበቅኩት ቦነስ የገባ ቀን ዘለለች። መልእክቱ የዘገየ ቀን፣ ማንም ምንም ሳይወስድብኝ፣ የተዘረፍኩ ያህል ከፋኝ።

ኬንት ቤሪጅ ደግሞ ዶፓሚናቸው በተሟጠጠ አይጦች ላይ ያየው ነገር አለ። ስኳር አፋቸው ላይ ሲደረግ ከንፈራቸውን ይልሳሉ፤ ይጣፍጣቸዋል። ሄደው ግን አይበሉም። ካልመገቧቸው ይሞታሉ። መውደዱ አለ፤ መፈለጉ ጠፍቷል። ለዚህ ልዩነት እኛ የታወቀ ቃል አለን፤ ሀራራ። ሀራራ የያዘው ሰው ደስ አላለውም። ተነስቶ እንዲሄድ የሚገፋው ነገር ነው የያዘው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ዶፓሚንን የሚያስለቅቀው እዚህ መንገድ ላይ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደከመ ነገር ስለሚቀየር ነው በኮባ ተጠቅልሎ በጥድፊያ የሚመጣው።

አንድ ምሽት ደብተሬ ላይ «ተነሳሽነት» ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። ከ«መነሳት» የወጣ ቃል ነው። አባባ ከወንበር መነሳት ያቃታቸውና ለዕድሩ ስብሰባ መነሳሳት ያቃታቸው በአንድ ሰሞን ነው። ሬዲዮ ተዉ። የልጅ ልጆቻቸው ሲመጡ ደስ ይላቸዋል፤ ግን «ጥሯቸው» አይሉም። እኛ አርጅተው ነው አልን። ለካ ሁለቱም መነሳት ከአንድ ጓዳ ነው የሚቀዳው። ይህ ከገባኝ ወዲህ «አይዞዎት፣ ይበርቱ» ማለት ትቻለሁ። አራት ሰዓት ላይ፣ ኪኒኑ በደንብ በሚሠራበት ጊዜ፣ መዝገቡን አምጥቼ «ይህ ስም ማነው?» እላቸዋለሁ። ይነግሩኛል። ከስሙ ጀምረው የቤተሰቡን ታሪክ ይተርኩልኛል።

የመጨረሻው ስለ በሩ ነው። አባባ ከሳሎን ወደ በረንዳ ሲወጡ በሩ ላይ እግራቸው ይተከላል። ወለሉ ላይ የተጣበቀ ይመስላል። ሰውነታቸው ወደፊት ያዘነብላል፤ እግሩ ግን እምቢ። ወለሉ ላይ መስመር ቢሰመር እንደሚረዳ አነበብኩ። ከውስጥ የሚመጣው የመራመድ ትእዛዝ ሲደክም፣ በዓይን የሚታይ ነገር በሌላ መንገድ ያግዛል። ቢጫ ፕላስተር ገዝቼ ከበሩ ወዲህና ወዲያ ስድስት መስመር ለጠፍኩ፤ ከአንዱ እስከ አንዱ ሁለት ስንዝር። አንደኛውን መስመር አዩት። እግራቸውን አነሱ። መስመሩን ተሻገሩት፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን። እማማ ከጓዳ በር ላይ ሆነው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ያያሉ።

ያ በየካቲት ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ቦርሳዬ ጋር ስታገል አባባ ጠሩኝ። በሩ ላይ ቆመው በከዘራቸው ሦስተኛዋን መስመር ይነካሉ። ደነገጥኩ፤ እግራቸው ተተክሎ መሰለኝ።

«ይቺ ቀርባለች» አሉኝ። «አሁን ከዚህ ይሰፋል እርምጃዬ። አራርቂያቸው።»

ተንበርክኬ ፕላስተሩን ላጥኩ።