መያዣ የሌለው ኢንዛይም

ብዙዎቹ የካንሰር መድኃኒቶች ሕዋሱን የሚገድሉት እ.ኤ.አ. በ1972 አፖፕቶሲስ የሚል ስያሜ ያገኘውን፣ ሕዋስ ራሱን በሥርዓት አፍርሶ የሚሞትበትን መንገድ በመቀስቀስ ነው። ካንሰር ግን ይህን መንገድ መዝጋት ያውቅበታል። እኔ ስለ ፌሮፕቶሲስ ማንበብ የማላቆመውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በሌላ በር የሚመጣ ሞት ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪው ብሬንት ስቶክዌልና ባልደረቦቹ 23,550 ውሁዶችን ፈትሸው፣ «ራስ» የተባለው የካንሰር ጂን የገባባቸውን ሕዋሳት ለይቶ የሚገድል ሞለኪውል አገኙ፤ ኢራስቲን አሉት። የሞቱን ዓይነት ግን በትክክል ለይተው ፌሮፕቶሲስ ብለው የሰየሙት በ2012 ነው። ስሙ ብረት ከሚለው የላቲን ቃል የተወሰደ ሲሆን፣ የሕዋሱ ሽፋን ስቦች በብረት አጋፋሪነት ከኦክስጅን ጋር እየተዋሃዱ ይበላሻሉ፤ ከርሞ ሽታው የተለወጠ ዘይት የሚደርስበት ዓይነት ብልሽት ነው። ኢራስቲን፣ ሲስቲን የተባለው አሚኖ አሲድ ወደ ሕዋሱ የሚገባበትን በር ይዘጋል፤ ሲስቲን ከሌለ ግሉታቲዮን የተባለው፣ ሕዋሱን ከእንዲህ ያለ ብልሽት የሚጠብቅ ውሁድ አይመረትም፤ ግሉታቲዮን ከሌለ ደግሞ የተበላሹትን ስቦች የሚጠግነው ጂፒኤክስ4 የተባለ ኢንዛይም ሥራ ይፈታል።

ታዲያ ኢንዛይሙን ራሱን ለምን አንመታውም? ለመድኃኒት ነዳፊው እውነተኛው ፈተና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ በፕሮቲን ገጽ ላይ ያለ ጎድጓዳ ስፍራ ፈልጎ ይገባል፤ የጂፒኤክስ4 የሥራ ስፍራ ግን ዝርግ ነውና ሞለኪውል የሚያርፍበት መያዣ የለውም። አርኤስኤል3 የተባለው ሞለኪውል ይህን ያለፈው በውስጡ ባለው ክሎሮአሴታማይድ የተባለ ክፍል አማካኝነት የኢንዛይሙን ሴሊኒየም በኬሚካዊ ትስስር አጥብቆ በመያዝ ነው። ነገር ግን ያ ክፍል ችኩል ስለሆነ ሌሎች ብዙ ፕሮቲኖችንም ይይዛል፤ እንዲህ ያለ ሞለኪውል ለቤተ ሙከራ መሣሪያነት እንጂ ለሕመምተኛ አይሆንም ብዬ አምናለሁ።

ልቤን የገዛው ኤምኤል210 የተባለው ሌላ ሞለኪውል ነው። የኬሚስቱ ስቱዋርት ሽራይበር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳሳየው፣ ይህ ሞለኪውል ሕያው ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ኢንዛይሙን ይይዛል፤ ሕዋሱ ተሰባብሮ ጭማቂው ሲሞከር ግን አይይዝም። ምክንያቱም የሚይዘው ክፍል ተሸፍኖ ይገባና፣ ሕዋሱ ራሱ የሞለኪውሉን የአቶሞች ቀለበት ከፍቶ፣ ከዚያም ውሃ አውጥቶለት ናይትራይል ኦክሳይድ ወደተባለው ንቁ ቅርጽ ይለውጠዋል። ማንም አስቀድሞ አስቦ ያልነደፈው ይህ አካሄድ ከአርኤስኤል3 እጅግ የተሻለ የመምረጥ ችሎታ አለው፤ ከዚህ በኋላ ለሚነደፉት ሞለኪውሎችም መነሻ ሊሆን የሚገባው እርሱ ይመስለኛል።

የሚያሳስበኝ ኩላሊት ነው። ጂፒኤክስ4 በአዋቂ አይጦች ላይ ሲጠፋ ኩላሊታቸው ሥራውን አቁሞ ሞተዋል፤ ስለዚህ ኢንዛይሙን በሚገባ መያዝ ብቻውን አይበቃም፣ የሞለኪውሉ መሸፈኛ የሚገለጠው በካንሰሩ ዕጢ ውስጥ ብቻ እንዲሆን አድርጎ መንደፍ ያስፈልጋል።