በመዋጮ የሚሠራ ፋውንቴን ፔን ከአዲስ አበባ ማዘዝ፦ ብዕሩ ቀላል ነው፣ ጣጣው ካርዱ ነው

ኪክስታርተር በተባለው የመዋጮ ድረ ገጽ ላይ የወጣ ፋውንቴን ፔን ዓይናችሁ ውስጥ ገብቶ «ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ» እያላችሁ ከሆነ፣ ከብዕሩ በፊት ካርዳችሁን መርምሩ። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዙ ንዴት ይተርፈኝ ነበር። ብዕር መምረጥ ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ ይወጣዋል። መሀል አዲስ አበባ ተቀምጦ በዶላር መክፈል ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ከብዕሩ ልጀምር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል።

ኪክስታርተር ሱቅ አይደለም። ገንዘብ የምታዋጡት ገና ላልተመረተ ዕቃ ነው። የታሰበው መጠን በቀነ ገደቡ ካልሞላ ከማንም ላይ ሳንቲም አይወሰድም፤ ከሞላ ከካርዳችሁ ይቆረጣል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው በሠሪው ጨዋነት ላይ የቆመ ነው። ዕቁብ እንኳ ዳኛ አለው፣ ዋስ ይጠራል፤ እዚህ ሁለቱም የሉም። የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ኢታን ሞሊክ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጥናት፣ ገንዘባቸውን ከሰበሰቡት ፕሮጀክቶች 9 በመቶው ቃል የገቡትን ሳያስረክቡ ቀርተዋል። ለአንድ ብዕር ይህ ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስመርረው መዘግየቱ ነው፤ ለመስቀል ይደርሳል የተባለ ብዕር ለፋሲካ ቢመጣ አይግረማችሁ።

ድረ ገጹ «ስጋቶች» የሚለውን ክፍል አንብቡ ይላል። እኔ ጊዜ አታባክኑበት እላለሁ፤ ሁሉም አንዱ ከሌላው የገለበጠውን አንቀጽ ነው የሚለጥፈው። ይልቅ የሠሪውን የቀድሞ ፕሮጀክት ክፈቱና ከታች የተጻፈውን አስተያየት ከመጨረሻው ወደ ላይ አንብቡ። ዕቃው መቼ ደረሰ? ክዳኑ የላላባቸው ሰዎች መልስ አገኙ? ሠሪው ድምፁን ያጠፋው መቼ ነው? ምንም የቀድሞ ሥራ የሌለው ሰው ከሆነ፣ በእጅ የተያዘ፣ ቀለም የነካው፣ የተጫረ ናሙና ይፈለግ። ኪክስታርተር እውነተኛ ፎቶ የሚመስል የኮምፒውተር ሥዕል ይከለክላል፤ ቢሆንም ሾልኮ የሚገባ አይጠፋም።

ቀጥሎ ኒቡ፣ ማለትም የሚጽፈው ጫፍ። ሠሪዎቹ ስለ ቀፎው ሦስት ገጽ ይጽፋሉ፣ ወረቀት ስለሚነካው ጫፍ ግን አንድ መስመር። አንብቡና የኒቡን ፋብሪካ ስም ፈልጉ። የበርሊኑ ጆዎ ወይም የሃይድልበርጉ ቦክ ከተባለ ጥሩ ነው፤ ቢበላሽ መለዋወጫ ይገኛል። «አይሪዲየም ፖይንት ጀርመኒ» የሚል ማኅተም ብቻ ካለ ግን ኒቡ ጀርመን ተሠራ ማለት አይደለም። ሌላው ወጥመድ፦ ጆዎም ቦክም 6 ቁጥር የሚባል የኒብ መጠን አላቸው፣ ነገር ግን ኒቡ የሚቀመጥበት ጥርስ ያለው ቱቦ ይለያያል፤ የአንዱ በሌላው ላይ አይገጥምም። ስለዚህ «6 ቁጥር» የሚለው ብቻውን አይበቃም፣ የማን 6 እንደሆነ ጻፉላቸውና ጠይቁ።

ተጨማሪ 30 ወይም 40 ዶላር ከፍላችሁ የቲታኒየም ኒብ ውሰዱ የሚለውን ማግባቢያ እለፉት። ቲታኒየም ለስላሳ ነው፤ በቢክ ተጭኖ መጻፍ የለመደ እጅ ይገነጥለዋል፣ ከተገነጠለ አይመለስም። ብረቱ ይበቃል። ውፍረቱ ደግሞ ለአማርኛ ኤፍ (ቀጭኑ) ይሁን። ኤም (መካከለኛው) ኒብ በተራ ደብተር መስመር ላይ የቤን፣ የኬን፣ የሜን ቀለበት ይደፍነዋል፤ ቡ እና ቢ የሚለዩባት ትንሽ ጭረትም ከእግሩ ጋር ተጨማልቃ ትቀራለች። አራት ኪሎ ኮፒ ቤት በሚገኘው 80 ግራም ወረቀት ላይ ቀለም ሲሰራጭ ይህ ይብሳል።

ክብደቱን ከቁስ አስሉት። በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አሉሚኒየም 2.7 ግራም፣ ቲታኒየም 4.5፣ ነሐስ 8.5 ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው የነሐስ ቀፎ የአሉሚኒየሙን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ላሚ ሳፋሪ የሚባለው የታወቀ ብዕር ከነክዳኑ 17 ግራም አካባቢ ነው፤ ከ50 ግራም በላይ የሆነ ብዕር ለፊርማ እንጂ ለገጽ አይሆንም። ሙሌቱ መደበኛውን ኮንቨርተር (ከጠርሙስ ቀለም የሚስበውን ቱቦ) የሚቀበል ይሁን። የራሱን ካርትሪጅ (ተሞልቶ የሚሸጥ የቀለም ቱቦ) ብቻ የሚጎርስ ከሆነ ተዉት፤ ሠሪው ሲጠፋ ብዕሩም አብሮ ይሞታል።

ክዳኑን ማንም አያየውም፣ እዚህ አገር ግን ዋናው እሱ ነው። በበጋ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ አየሩ ደረቅ ነው፤ ውስጡ ሁለተኛ ክዳን ወይም የላስቲክ ቀለበት የሌለው የብረት ብዕር ሳምንት ሳይሞላው ኒቡ ላይ ይደርቃል። በማግኔት የሚዘጉት ሲከደኑ ደስ የሚል ድምፅ አላቸው፣ አዘጋጋቸውን ግን እጠራጠራለሁ። ሠሪውን «ተሞልቶ፣ ተከድኖ፣ ሳምንት ተቀምጦ፣ በመጀመሪያው ጭረት ሲጽፍ የሚያሳይ ቪዲዮ አለህ?» በሉት። ከላከ ጥሩ ሠሪ ነው። ስለ ቲታኒየም ጥንካሬ ማውራት ከጀመረ መልሱን አግኝታችኋል።

በዚህ መንገድ አጣርቼ አንድ የአሉሚኒየም ብዕር መረጥኩ፤ የጆዎ 6 ቁጥር፣ ብረት፣ ኤፍ። እስከዚህ ሰላም ነው።

የዶላር ካርድ የሚሰጡ ባንኮች አሉ። የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ያለው ወይም ለጉዞ ምንዛሪ የተፈቀደለት ሰው፣ ዶላር የተሞላበት የቅድመ ክፍያ ቪዛ ካርድ ያወጣል። ፓስፖርቱ፣ ቪዛው፣ ትኬቱ ሁሉ የታወቀ ነው፣ በሱ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ካርዱን በሰጠኝ ባንክ ላይ ነው፤ ስሙን አልጠራም። «ኢንተርኔት ላይ ይከፍላል?» ብዬ ጠየቅኩ። «ቪዛ እኮ ነው! የትም ይሠራል» ተባልኩ።

ቪዛ መሆኑና ኢንተርኔት ላይ መሥራቱ ሁለት ነገር ነው። የካርዱ ኤቲኤም፣ የሱቅ ማሽንና የኦንላይን ክፍያ ለየብቻ የሚከፈቱና የሚዘጉ በሮች ናቸው። የኔ ካርድ ሲሰጠኝ ኦንላይኑ ዝግ ነበር፤ የሚከፈተው በሌላ ፎርም፣ በሌላ ፊርማ ነው። ፎርሙ ከመስኮቱ ጀርባ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፣ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አያወጣውም። ደንበኛው ከመሬት ተነስቶ «የኦንላይን መክፈቻ ፎርም ስጡኝ» እንዲል ነው የሚጠበቀው።

ሁለተኛው ችግር ከኪክስታርተር አሠራር ይመጣል። ቃል የምትገቡ ዕለት ገንዘቡ አይወሰድም፤ የካርዱ ቁጥር ይቀመጣል፣ «እናመሰግናለን» የሚል ገጽ ይመጣል። ይህ ገጽ ምንም ማረጋገጫ አይደለም። ገንዘቡ የሚጠየቀው ዘመቻው የሚዘጋ ዕለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከወር በኋላ። አሜሪካ አመሻሽ ላይ የተዘጋ ዘመቻ እዚህ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ይሆናል። የኛ ባንኮች ኦንላይን ክፍያን በስልክ በሚልኩት የማረጋገጫ ኮድ ነው የሚያጸድቁት፤ በዚያ ሰዓት ግን ኮድ የሚያስገባ ሰው ገጹ ላይ የለም። ባንኩ ክፍያውን ይመልሰዋል። ጠዋት ስትነሱ ኢሜይላችሁ ላይ «ክፍያዎ አልተሳካም፣ በ7 ቀን ውስጥ ያስተካክሉ፣ አለበለዚያ ቦታዎን ያጣሉ» የሚል መልእክት ታገኛላችሁ።

ሰባት ቀን ብዙ ይመስላል። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ፣ አንዳንዴም በዓል፣ ከሱ ላይ ይቀነሳል። ከዚያ ቅርንጫፉ «የካርድ ጉዳይ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው» ይላል። ዋናው መሥሪያ ቤት «ቅርንጫፍህ ደብዳቤ ይጻፍልን» ይላል። ደብዳቤው ላይ የሚፈርሙት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ከስብሰባ ሲወጡ ሲስተም የለም። በሜክሲኮና በስታዲየም መካከል ወዲያ ወዲህ እያልኩ ሳለ አንድም ሠራተኛ «ካርዱ ምን ሆኖ ነው የተመለሰው?» ብሎ ስክሪኑን አላየም። ሁሉም ደጋግሞ የነገረኝ «በቂ ሂሳብ መኖሩን ያረጋግጡ» ነው። ሂሳብ ነበረ።

የፈታው ይህ ነው። መጀመሪያ የኦንላይኑ በር መከፈቱን አረጋገጡልኝ። ከዚያ ኪክስታርተር በላከው ኢሜይል ውስጥ ባለው የማስተካከያ ሊንክ ገብቶ የካርዱን ቁጥር እንደ አዲስ በእጅ ማስገባት። ያኔ ሰው ገጹ ላይ ስላለ ባንኩ ኮዱን ይልካል፣ ኮዱ ይገባል፣ ክፍያው ያልፋል። ባንክ የተመዘገበው ሲም ያለበት ስልክ እጃችሁ ላይ ይሁን። ኮዱ ጊዜው አጭር ነው፣ ኔትወርክ ደካማ ከሆነ መስኮት አጠገብ ቁሙ።

ስለዚህ ቃል ከመግባታችሁ በፊት ባንኩን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፣ የሚቻል ከሆነም በጽሑፍ፦ ኦንላይን ክፍት ነው ወይ? ኮዱ በየትኛው ስልክ ነው የሚመጣው? ኮድ ያልገባበት ክፍያ ይመለሳል ወይ? የአንድ ጊዜ ጣሪያው ስንት ዶላር ነው? ካርዱ መቼ ያበቃል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ የማጓጓዣው ሂሳብ ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው፣ ዕቃው ሊላክ ሲል፣ ከወራት በኋላ ነው የሚጠየቀው። ባንኩ የብዕሩን ዋጋ ልክ አስገቡ ይላል፤ እኔ 20 በመቶ ጨምሩበት እላለሁ። ከዚያ አንድ ሁለት ዶላር የሚያወጣ ነገር ኦንላይን ገዝታችሁ ካርዱን ሞክሩት።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ዘመቻው እስኪዘጋ መጠበቅ ነው። ኪክስታርተር ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው በር ከፍቷል፤ ሠሪው ከፈቀደ ዘመቻው ካለቀ በኋላም መግባት ይቻላል፣ ገንዘቡም ወዲያው ነው የሚቆረጠው። የመጀመሪያዎቹ ቅናሽ ያመልጣችኋል። ግን እናንተ ስክሪኑ ፊት ቁጭ ብላችሁ ኮዱን አስገብታችሁ እዚያው ያልቃል። ለኛ ቅናሹ ማለት ይህ ነው። ውጭ የሚኖር የምታምኑት ዘመድ ካለ ደግሞ በራሱ ካርድ ይክፈል፤ ሲመጣ በርበሬና ሽሮ አስጭናችሁ መልሱት።

በብር ስታስቡም ተጠንቀቁ። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ዛሬ ቃል ገብቶ ከወር በኋላ የሚከፍል፣ ማጓጓዣውን ደግሞ ከዓመት በኋላ የሚከፍል ሰው ዋጋውን አያውቀውም።

በፖስታ ካስመጣችሁ አድራሻው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይሁን። ብዕር በቀረጥ ታሪፉ 96.08 ስር ነው። ቀረጡ የሚሰላው በዕቃው ብቻ ሳይሆን ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ተደምሮ ነው፣ ግብሮቹም አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባሉ። ለምሳሌ ያህል ቀረጡ 20 በመቶ ቢሆን፣ 100 ዶላር የወጣበት ዕቃ 120 ይሆናል፤ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 138፤ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲጨመር 151.80። ሠሪው ዋጋው የተጻፈበት ደረሰኝ ሣጥኑ ውስጥ እንዲያኖር ጠይቁ። «ሽልማት» ወይም «ስጦታ» ተብሎ የመጣ ዕቃ ዋጋው በግምት ይወሰናል፣ ግምቱም ለእናንተ አያደላም።

በሰው እጅ የሚመጣ ከሆነ ያልተሞላ ይሁን። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ ተሞልቶ የመጣ ብዕር ውስጡ የታመቀው አየር እዚህ ሲደርስ በሲሶ ያህል ይሰፋና ቀለሙን ክዳኑ ውስጥ ይተፋዋል። ከብዕሩ ጋር ትርፍ ኮንቨርተር አንድ እዘዙ። የቆዳ ማኅደሩንና የእንጨት ሣጥኑን ተዉት፣ ክብደታቸው ማጓጓዣውን ይጨምራል። ለቀለም እንደ ፔሊካን 4001 ያለ «ደረቅ» የሚባል፣ ማለትም ቆጠብ ብሎ የሚፈስ ቀለም አስመጡ፤ ጠርሙሱን በድርብ ፌስታል አስሩት።