ሥራ ነበረን፣ ቤት አጣን

አሜሪካ፣ ካንሳስ ስቴት ውስጥ በአንዲት ገጠር ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) የኢኮኖሚ ልማት ኮሚቴ አባል ሆኜ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራችን አዲስ ሰው ማምጣት፣ የሄደውንም መመለስ ነበር። ያኔ ስጀምር አሁን የምነግራችሁን የነገረኝ ሰው ቢኖር፣ አንድ ሙሉ የግንባታ ወቅት ባልባከነብን ነበር።

እዚህ አካባቢ ሰው መቀነስ የጀመረው ድሮ ነው። ጁዌል ካውንቲን ብናይ፣ እ.ኤ.አ. በ1900 ከ19 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት። በ2020 ቆጠራ ግን 3 ሺህ እንኳ አልሞላችም። ብዙ ቤተሰብ ያርሰው የነበረውን መሬት ዛሬ አንድ ገበሬ ከልጁ ጋር በትራክተርና በኮምባይነር ይጨርሰዋል። እርሻው ሰውን መልሶ ያመጣል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

አማካሪዎች ሁልጊዜ "ፋብሪካ ሳቡ" ይላሉ። እኔ አልስማማም። ክፍት የሥራ ቦታዎችን ስንቆጥር ሆስፒታሉ ነርስ፣ ትምህርት ቤቱ መምህር፣ ጋራዡ መካኒክ አጥቶ ነበር። ሥራ ሞልቷል!

ሩራል ኦፖርቹኒቲ ዞን የሚባለውን የስቴቱን ፕሮግራም ተጠቀምን። በ2011 የተጀመረ ነው። ዲግሪ ይዞ ለሚመጣ ሰው የስቱደንት ሎኑን (የትምህርት ብድሩን) በ5 ዓመት እስከ 15 ሺህ ዶላር ይከፍልለት ነበር፤ ግማሹን ስቴቱ፣ ግማሹን ካውንቲው ወይም ቀጣሪው። ማስታወቂያውን የበተንነው በዋናነት እዚሁ ተወልደው ለሄዱ፣ አሁን ልጅ ለወለዱ ሰዎች ነው። ብዙዎቹ ደወሉ። አንዲት ነርስ ሥራውን ተቀብላ ሁለት ወር ቤት ፈለገች። አጣች፤ ቀረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አዲስ ቤት ለመሥራት የሚወጣው ወጪ ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ከሚገመትበት ዋጋ ይበልጣል። ባንክ ደግሞ የሚያበድረው በግምቱ ልክ ነው። ስለዚህ ማንም ኮንትራክተር አይሠራም።

ለዚህ ሕጉ መፍትሔ አለው። ከተማው አንድን ቦታ የቤት ማበረታቻ ዲስትሪክት ብሎ ይሰይማል። ከዚያ አዲሶቹ ቤቶች የሚያመጡት ተጨማሪ የፕሮፐርቲ ታክስ (የቤትና የቦታ ግብር) ለመንገዱ፣ ለውኃውና ለፍሳሽ መስመሩ ወጪ ይውላል። የቤት ፍላጎት ጥናቱን አስጠናን፤ የስቴቱን ፈቃድ አገኘን፤ የከተማው ምክር ቤትም ተስማማ።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ትምህርት ቤቱም ከፕሮፐርቲ ታክሱ ድርሻ ስላለው፣ በእቅዱ ላይ ሕዝባዊ ስብሰባ ከተደረገ በኋላ የትምህርት ቤቱ ቦርድ እቅዱን የሚጥልበት 30 ቀን አለው። "ይጎዳናል" ብሎ ከወሰነ አለቀ። ይህን ሕግ አንብቤዋለሁ። የረዳን አማካሪ ግን "ደብዳቤና እቅዱን ላኩላቸው፣ ይበቃል" አለኝ። ላክሁ። አንድ የቦርድ አባል ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ "ችግር የለም" ብሎኝ ነበር። እሱን አምኜ ተኛሁ። ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ቦርዱ ተሰበሰበ፤ ታክሳችንን ሊወስዱብን ነው አለ፤ እቅዱን ጣለው። ያ "ችግር የለም" ያለኝ ሰውም አብሮ እጁን አወጣ።

እስካሁን ያናድደኛል። ባዶው ቦታ ይከፍል የነበረው ታክስ እንደነበረ ይቀጥላል። የሚወሰደው ጭማሪው ብቻ ነው፤ ቤት ካልተሠራ ደግሞ ጭማሪ የሚባል ነገር የለም። በዚያ ላይ የስቴቱ የትምህርት በጀት የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ነው። ክፍሎቹ እየተራቆቱ ያሉት የእነሱ ናቸው! ግን ይህን ማን አስረዳቸው? ማንም። ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ደብዳቤ ይበቃል የሚላችሁን አትስሙ። እቅዱ ገና ረቂቅ ሳለ እያንዳንዱን የቦርድ አባል ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ አነጋግሩ። ታክሱን በአንድ ገጽ አስልታችሁ ያዙ፤ የኔ ሰነድ 40 ገጽ ነበር፣ ማንም አላነበበውም። ቀነ ገደቡ እስኪያልፍም በየስብሰባቸው ተገኙ።

በሚቀጥለው ዓመት እንዲህ አደረግሁ። አንድም የቦርድ አባል አልተቃወመም። ስድስት ቤቶች ተሠሩ፤ ስድስቱም ሰው ገብቶባቸዋል። በአንደኛው የሚኖረው መካኒክ ሦስት ልጆቹን እዚሁ ትምህርት ቤት አስገብቷል። በዚያ በጣም እኮራለሁ።

ለነርሷም ደውዬላት ነበር። ሌላ ከተማ ቤት ገዝታለች።