ንፍሮ ይዘን ሐሪሳ

ሊባኖስ ልሄድ ነው ብዬ ስነግራት እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እመቤታችን የተወለደችበት?» ብላ ነው።

1999 ዓ.ም. ነበር። ደላላው በወር 150 ዶላር ይላል፣ ሥራው ቀላል ነው ይላል፣ ሰዎቹ ክርስቲያን ናቸው ይላል። እናቴ እሱን አትሰማውም። በሷ ቤት እኔ የምሄደው ሰው ቤት ልሠራ ሳይሆን፣ እሷ በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን ከጎረቤት ጋር ደጅ ወጥታ ንፍሮ የምትቀቅልለት ተራራ ልወጣ ነው። እሺ ብላ የላከችኝም በዚህ ይመስለኛል እንጂ በዶላሩ አይደለም።

እኔ ደግሞ ተራራውን ሁለት ዓመት ከምናምን ያየሁት ከሰባተኛ ፎቅ በረንዳ ነው። ባሰጣሁት አንሶላ መሃል፣ ያውም ጭጋግ ከሌለ። በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ፓስፖርቴ ማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ጸሎት የማደርገው ሻወር ቤት ነበር፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር ያለው እሱ ብቻ ነዋ። ውሃውን እከፍተዋለሁ፣ ማዳም እየታጠብኩ ይመስላታል፣ እኔ ውዳሴ ማርያሜን እደግማለሁ። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ይቆጡኝ ነበር መሰለኝ። ቅዳሴ የለ፣ ቁርባን የለ፣ ጾሙም በስርቆት። እግዜርን ቦሌ ላይ፣ ኪሎ በዝቷል ተብሎ ከሻንጣዬ ከወጣው ሽሮ ጋር ትቼው የመጣሁ ይመስለኝ ነበር።

ደግሞ «ማዳም» ማለት እመቤት ማለት አይደል? ቀኑን ሙሉ አንዷን እመቤት አቤት ስል እውላለሁ፣ ማታ ሌላዋን እጣራለሁ። ድካም ሲበዛብኝ ይምታታብኛል። ብቻዬን ስቄም አውቃለሁ።

ኮንትራቴን ሳድስ እሑድ እሑድ መውጣት ተፈቀደልኝ። እሑድ የወጣ ሐበሻ ሁሉ መጨረሻው ቤይሩት ዳር ያለው ዶራ ሰፈር ነው፤ በርበሬው፣ እንጀራው፣ ገንዘብ መላኪያው፣ ወሬው እዚያ ነው። 2002 ዓ.ም. ጥር 17 ሌሊት ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሣው አውሮፕላን ባሕር ላይ ሲወድቅ ግን ዶራም ዝም አለ። 90 ሰው ነበረበት፣ አንድም አልተረፈም። ሠርተው አገራቸው የሚገቡ እንደኛ ያሉ ልጆች ነበሩበት። ከዚያ በኋላ ባሕሩን ማየት አስጠላኝ። በረንዳ ሳጥብ እንኳ ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር።

ሐሳቡን ያመጣችው ወሎዬዋ ጓደኛዬ ናት። ግሸን ማርያምን በእግሯ የወጣች ልጅ ናት። «ዘንድሮ ልደታ እሑድ ነው የምትውለው፣ ሐሪሳ በእግራችን እንውጣ፣ ለነሱም ሻማ እናበራለን» አለች። ሐሪሳ ከጁኒየ ከተማ በላይ፣ የእመቤታችን ትልቅ ነጭ ሐውልት የቆመበት ተራራ ነው። እኔ ተከራከርኩ። ቦታው የካቶሊክ ነው፣ እኛ ሥዕል እንጂ ሐውልት አልለመድንም፣ ምናምን።

«ሻወር ቤት ስትጸልዪ የማን ደብር ነው ብለሽ ነው?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ስንዴና ሽምብራ ዘፈዘፍኩ፣ ማታ ዕቃ አጥቤ ስጨርስ ጣድኩት። ማዳም ድስቱን ከፍታ አየች። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ «ቡርባራ ነው?» አለችኝ። ለካ እነሱም ዲሴምበር 4 ለቅድስት ባርባራ ስንዴ ይቀቅላሉ፣ ስኳርና ለውዝ ጨምረው። የኛ በጨው ነው አልኳት። ቀመሰችው፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ሄደች። ጠዋት ስወጣ ግን ጥሩ ክዳን ያለው ዕቃ አውጥታ ሰጠችኝ። ዛሬ ሌላ አገር ነኝ፣ ያ ዕቃ አሁንም አብሮኝ አለ። ስለ ማዳም መጥፎ ማውራት ስጀምር እሱ ትዝ ይለኛል፣ ወሬዬን ያበላሽብኛል።

ከዶራ በቫን ጁኒየ ሄደን አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዳገቱን ጀመርነው። ሦስት ነን። ሦስተኛዋ ሙስሊም ናት፣ «መርየም የኛም ናት» ብላ ነው የመጣችው። እውነቷንም ነው፣ በዚያው ዓመት ሊባኖስ የብሥራቱን ቀን፣ በነሱ ማርች 25ን፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ብሔራዊ በዓል አድርጋ አውጃ ነበር። መንገዱ ይጠመዘዛል፣ መኪናው ጡሩምባውን ይነፋብሃል፣ ከላይ የጥድ ሽታ ይመጣል። የመጀመሪያውን አቀበት ሳንጨርስ ጉልበቴ ከዳኝ። እኔ እኮ ልጅ ሆኜ እንስራ አዝዬ ዳገት የወጣሁ ሰው ነኝ! ሦስት ዓመት ሴራሚክ ብቻ ስረግጥ እግሬ መሬት ረስቷል።

ግንቦት ለነሱም የማርያም ወር ነው፣ ስለዚህ ብቻችንን አልነበርንም። መሃል ላይ አንዲት አሮጊት ደረስንባት። ጥቁር ለብሳለች፣ ባዶ እግሯን ናት፣ መቁጠሪያዋን እያሻሸች በየአምስት እርምጃው «ያ አድራ»፣ ድንግል ሆይ፣ ትላለች። ከኋላዋ አንዲት የሐበሻ ልጅ ትከተላለች፣ በአንድ እጇ ውሃ፣ በሌላው የአሮጊቷን ጫማ ይዛ። ሳቅን። ስለቱ የማዳም፣ ጫማ ተሸካሚዎቹ እኛ።

ልጅቷ አልሳቀችም። «እኔም ባዶ እግሬን ልሂድ ብያት እምቢ አለችኝ፣ ትታመሚብኛለሽ ብላ» አለች። «የራሴ ስለት አለኝ እኮ። በልቤ ነው የምወጣው።»

አፈርኩ። ከዚያ አብረን ወጣን። ጫማውን ተቀብያት ትንሽ ያዝኩላት። ለስላሳ ቆዳ ነው፣ የአንደኛው ተረከዝ በአንድ ጎኑ ብቻ ተበልቷል። ቀና ብዬ ሳያት አሮጊቷ ያንን እግሯን ትጎትታለች። ሳቃችንን ሰምታ ይሆን እያልኩ መንገዱን ሙሉ ተጨነቅሁ። እሷ ግን ልትቀመጥ ስትል እጄን ያዘችና ከዚያው ከልጅቷ ውሃ መጀመሪያ ለኔ አጠጣችኝ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ሐውልቷ በፈረንጆቹ 1908 የተመረቀች የነሐስ ናት፣ ነጭ ተቀብታለች፣ ሁለት እጆቿን ወደ ታች ዘርግታለች። ዙሪያዋን በጠመዝማዛ ደረጃ ይወጣል። እኛ ጫማችንን ደረጃው ሥር አወለቅን፣ ሌላው ሰው በነጫማው እያለፈ ያየናል። እላይ ስንደርስ ባሕሩ ነበረ። ከጥር ወዲህ ፊት ለፊት ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ሰማያዊ፣ ጠፍጣፋ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ጸጥ ብሏል። ስማቸውን ስለማላውቅ «ዘጠናውን ነፍስ» ብዬ ብቻ ጸለይኩ። ኋላ ወርደን ሻማውን አበራን። ሦስተኛዋ ጓደኛችን ሻማ አላበራችም፣ ግን የኛ በነፋስ እንዳይጠፋ በእጇ ከልላ ቆመችልን።

ከዚያ ጥድ ሥር ነጠላዬን አንጥፈን ንፍሯችንን ከፈትን። ወሎዬዋ እንደ አገሯ አንድ እፍኝ ወስዳ በዙሪያችን በተነች። አንድ የጥበቃ ሰውዬ መጣ።

«ለወፍ ነው?»

«ዛሬ ልደቷ ነው» አልነው።

«ልደቷ ሴፕቴምበር 8 ነው።»

«በኛ ዛሬ ነው።»

ወደ ሐውልቷ አየ፣ ወደኛ አየ፣ እጁን ዘረጋ። ዘገንንለት። ሁለተኛም ዘገነ፣ ጨው ወዶ ነው መሰለኝ።

እናቴ ስትተርከው ሐናና ኢያቄም መካን ናችሁ እየተባሉ ተሰድበው ተሰድበው፣ በኋላም ሰው በክፉ ሲያያቸው አገር ለቀው ሲሰደዱ ነው እመቤታችንን ሊባኖስ ተራራ ላይ የወለዷት። ልደታ ቤት ውስጥ የማይከበረው ለዚህ ነው ትላለች፣ ንፍሮውም ለዚህ ነው፣ ሜዳ ላይ ሌላ ምን ይበስላል ትላለች። ሃያ ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ አንድም ቀን አልገረመኝም። እዚያ ጥድ ሥር፣ ተረከዜ ውሃ ቋጥሮ፣ ከሰው አገር ድስት የወጣ ስንዴ እየቆረጠምኩ ነው የገባኝ። በየዓመቱ ደጅ ወጥተን የምናከብረው ለካ የስደተኛ አራስ ቤት ነው! ለሷ ጎረቤት አልነበራትም፣ ጎረቤቶቿ እኛ ነን። እና እኔ ሻወር ቤት ውሃ ከፍቼ ስጣራት የሩቅ ሰው የምጣራ ይመስለኝ ነበር። ቦሌ የቀረው ሽሮው ብቻ ነው አልኩ በሆዴ።

ወሎዬዋ «ሙሽራዬ ሆይ፥ ከሊባኖስ ከእኔ ጋር ነዪ» የሚለውን ከመኃልየ መኃልይ አንስታ፣ ካህናቱ ለእመቤታችን እንደሚተረጉሙት ታስረዳን ጀመር።

«ነዪ ብባልስ ፓስፖርቴ ማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ነው» አልኳት።

ሦስታችንም ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን፣ ጥበቃው እንኳ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሮን ሳቀ።

ለመውረጃ ጉልበት አልነበረንም፣ በገመድ ተንጠልጥሎ በሚሄደው ቴሌፈሪክ ወረድን። ትንንሾቹ ካቢኖች ከታች ሲደርሱ በፎቆቹ መሃል ነው የሚያልፉት፣ ከመቅረባቸው የተነሣ እጅ ቢዘረጋ የሰው ልብስ ማስጫ የሚነካ ይመስላል። አንድ በረንዳ ላይ አንዲት ልጅ ወለል ታጥባለች። ሐበሻ ናት፣ የሻሿ አስተሳሰር ይናገራል። ቀና አለች። ነጠላችንን አየች መሰለኝ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ወሎዬዋ መስታወቱን እየደበደበች «ዛሬ ልደታ ናት!» ብላ ጮኸች። አልሰማችም። እኔ ዕቃውን ከፍቼ ወደ መስታወቱ አስጠጋሁላት፣ ከሥሩ ጥቂት ንፍሮ ቀርቶ ነበር። ትንሽ አተኩራ አየችው። ከዚያ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ አማተበች፣ ጎንበስ አለች፣ ቀና ሳትል የሌላ ቤት አንሶላ መሃላችን ገባ።