አንድ ካርቶን የአይስክሬም እንጨት

ከሥራ ስገባ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ሌሊቱን አረጋውያን ስደግፍ፣ አንሶላ ስቀይር አድሬ እግሬ አብጧል። ከአልጋዬ በቀር የሚታየኝ ነገር የለም። በሩን ከፍቼ ስገባ የምግብ ጠረጴዛችን የለም። ማለቴ አለ፣ ግን አይታይም። ከዳር እስከ ዳር የአይስክሬም እንጨት ተነጥፎበታል። ነጭ ሙጫ ፈስሶ ደርቋል። የልብስ መቆንጠጫዎቼ ሁሉ ሁለት ሁለት እንጨት ነክሰው ተደርድረዋል። ልጄ መሀላቸው ተቀምጦ የሙጫውን ክዳን በጥርሱ ይታገላል። ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

«ይኼን ጉድ አንሳልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ከቆሻሻ የለቀመው መስሎኝ ነው። እኔ የማውቀው እንጨቱ ከአይስክሬሙ ጋር ሲመጣ ነው፤ ልሰህ ትጥለዋለህ፣ አለቀ። ለካ አሜሪካ፣ ዴንቨር ውስጥ ንጹሑ በካርቶን ይሸጣል። አንድ ሺህ ፍሬ። አባቱ ነው የገዛለት። እንጨት ገዛን፣ ያውም አይስክሬም የሌለበት! እናቴ ብትሰማ ምን ትል ይሆን ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

የትምህርት ቤት ሥራ ነበር። ድልድይ ሥሩ ተብለዋል። ልጄ እንቅልፌን አስረስቶ አንድ ነገር አሳየኝ። አራት እንጨት በአራት ማዕዘን አጣብቆ ጫፉን በጣቱ ሲገፋው ተንጋደደ። ከዚያ ሁለት እንጨት ቀጣጥሎ ከጥግ እስከ ጥግ አጋደመበት። ሁለት ሦስት ማዕዘን ሆነ። ገፋው፣ ንቅንቅ አላለም። «ሦስት ማዕዘን አይዋሽም» አለኝ በእንግሊዝኛው፤ መምህሩ ያለው ይሆናል። ድልድዩ ሲያልቅ ሁለት ወንበር መሀል አጋድሞ ዘጠኝ ኪሎ ምስር ከነከረጢቱ አስቀመጠበት። ቻለ። እኔም ለጮህኩት ይቅርታ ጠየቅሁ። ጠረጴዛውን ግን ራሱ ፋቀው።

በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ወደ አገር ቤት ልንሄድ ስንዘጋጅ ያው ካርቶን ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀደው 23 ኪሎ ነው። ለእኔ እያንዳንዱ ግራም ባለቤት አለው፤ የእህቴ ጫማ፣ የአክስቴ መድኃኒት፣ የጎረቤት አደራ። አወጣሁት። መልሶ ከተተው። ሦስት ጊዜ ያህል እንዲህ ተባብለን አውሮፕላን ጣቢያ ሚዛኑ ላይ ስንደርስ እሱ አሸነፈ። የእኔ ሽቶ ወጣ።

የተወለድኩት ሞጣ ነው፣ ምሥራቅ ጎጃም። ከአዲስ አበባ በመኪና ሄድን። ጎሐ ጽዮንን አልፈን የዓባይን በረሃ ስንወርድ ልጄ ማቅለሽለሹን ረስቶ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። ሁለት ድልድይ ጎን ለጎን። አንዱ አሮጌው ባለ ቅስቱ፣ ሌላው በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው፣ 303 ሜትር የሚረዝመው። ከምሰሶዎቹ አናት ተወጥረው የሚወርዱትን ገመዶች እያየ «እማ፣ ሦስት ማዕዘን!» ብሎ ጮኸ። ሹፌሩ የሆነ ነገር የገጨ መስሎት ፍሬን ያዘ።

ሞጣ በገባን በማግስቱ የመጀመሪያው አደጋ ደረሰ። ልጄ ሙጫ በኤሌክትሪክ እያቀለጠች የምትተፋ ሽጉጥ መሳይ ዕቃ ይዞ ነበር። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 መሆኑን እኔ ትልቋ ሰውዬ ማሰብ ነበረብኝ። ሶኬት ላይ ሰካት። ትንሽ ቆይታ «ጢስ» አለችና ሽታዋ ቤቱን ሞላው። እናቴ ከጓዳ ወጥታ «እጣን አጨሳችሁ?» አለች። ፍልሰታ ነው፣ ቤቱ የጸሎት ቤት ሆኗል። ምን ልበላት?

ነጩም ሙጫ አላዋጣም። ዴንቨር አየሩ ደረቅ ነው፣ ቀብተህ ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ ይዟል። ሞጣ በነሐሴ? ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። ሁለት ቀን ቆይቶም ሙጫው ልክ እንደ ወተት ነጭ ነው። ወንድሜ ገበያ ዳር ካለ አናጢ ዘንድ ሄዶ ኮላ በሃይላንድ አስቀድቶ አመጣልን። ሰጋቱራ ተቀላቅሎበታል፣ ግን ይይዛል። ከዚያ ሥራው ወደ ምድጃ ዳር ተዛወረ። እናቴ ያለችውም እዚያ ነው።

እናቴ አንዷን እንጨት አነሳች። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረቻት፣ በጥፍሯ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰቻት፣ አሸተተቻት። ሌላ አነሳች። ሳልጠይቃት በሁለት ትለይ ጀመር። «እነዚህ ጅማታቸው ቀጥ ያለ ነው። እነዚያ ጅማታቸው ወደ ጎን ይወጣል፤ ስታጎብጣቸው ይሰበራሉ» አለች። እንጨቱ በርች ከሚባል ዛፍ የሚሠራ ነው። አይታው አታውቅም። እኔ ደግሞ አንድ ሺውንም አንድ ዓይነት አድርጌ ነበር ያየሁት።

ልጄ የእንጨቱን ታሪክ ሊነግራት ፈለገ፣ እኔ አስተረጎምኩ። እ.ኤ.አ. በ1905 ፍራንክ ኤፐርሰን የሚባል የ11 ዓመት ልጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሶዳ ዱቄት በውኃ በጥብጦ፣ መበጥበጫውን እንጨት እንደተተከለ ደጅ ረስቶት አደረ። ብርዱ አረጋው። ጠዋት እንጨቱን ይዞ ላሰው። አድጎ በ1924 የፈጠራ መብት አወጣበት። እናቴ እስኪጨርስ ሰማችውና ዘወር ብላ እኔን አየችኝ። «ዕቃ ደጅ ጥሎ ማደር ያስከብራል እንዴ? ይኼንን ባውቅ አንቺን አልቆጣሽም ነበር።»

ጎጆ እንሥራ ያለው ልጄ ነው። በመንገድ ላይ አይቶ ልቡ ተሰቅሏል። ችግሩ ጎጆ ክብ ነው፣ እንጨቱ ቀጥ ያለ። ልጄ በስድስት ጎን ሊያጣብቀው ሞከረ። እናቴ አየችና «ይኼ ጎጆ ነው ወይስ የንብ ቀፎ?» አለች። ተነስታ ድስት ጣደች። ጅማታቸው ቀጥ ያለውን ሃያ እንጨት ውኃ ውስጥ ጨመረች። ከግማሽ ሰዓት በላይ አፈላቻቸው። ከዚያ አንድ በአንድ እያወጣች፣ ሁለቱን ጫፍ በአውራ ጣቷ እየደገፈች፣ ቀስ እያለች አጎበጠቻቸው። አትቸኩልም። አንዷ ስትንጣጣ ቶሎ ትለቃታለች፣ መልሳ ውኃ ውስጥ ትከታታለች። የጎበጡትን በባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ዙሪያውን አስደግፋ ምድጃ ዳር አስቀመጠቻቸው። ከሃያው አራት ተሰበሩ። ሦስት ቀን ቆይተው ሲወጡ ጉብጠታቸውን ይዘዋል። ሦስቱ ጫፍና ጫፋቸው ሲደራረብ አንድ ቀለበት ወጣቸው።

«ይኼ ማገር ነው» አለችው።

እዚህ ላይ እኔ ጉድ ሆንኩ። ማገርን በእንግሊዝኛ ምን ልበለው? ወራጅንስ? ልጄም አልጠበቀኝም፣ ቃሉን እንዳለ ወሰደው። «እማምዬ፣ ሁለት ማገርስ እንፈልጋለን» ይላታል፣ የእንግሊዝኛውን «ስ» ጨምሮ። እሷም ገብቷት ታቀብለዋለች። ቋሚ፣ ማገር፣ ወራጅ፣ ምሰሶ። አማርኛ አልናገርም ብሎ ሦስት ዓመት ያስለቀሰኝ ልጅ!

የተጣሉት በምሰሶው ነው። እሱ ጣሪያው በሦስት ማዕዘን ከተሠራ መሀል ላይ ምንም አያስፈልግም ይላል። እሷ «ቤት ያለ ምሰሶ? ሰውዬው ምን ሊደገፍ ነው?» ትላለች። እኔ መሀል ሆኜ ሁለቱንም ሳስተረጉም አንዱንም አላስደሰትኩም። በመጨረሻ ምሰሶው ገባ። ልጄ ለብቻዬ ጠርቶ «ክብደት አልተሸከመም፣ ለእሷ ብዬ ነው» አለኝ። ክዳኑን ከስፌት በተረፈ ስንደዶ ከደነችው። ጉልላቱ የአንድ እንጨት ጫፍ ነው፣ በቢላዋ የተሾለ።

ማታ ማታ ስለ ሰባራ ድልድይ ትነግረዋለች። ከሞጣ ወዲያ ዓባይ ላይ ያለው፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተገነባው፣ ጎጃምን ከጎንደር ጋር የሚያገናኘው። በጣሊያን ጊዜ ቅስቱ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ሰዉ በገመድ ነበር የሚሻገረው፤ ወገብህን ታስረህ፣ ወዲያ ማዶ ያሉት ይጎትቱሃል፣ ከሥርህ ዓባይ። እ.ኤ.አ. በ2009 ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራለት። ልጄ እንሂድ ብሎ አለቀሰ። በዚያ ጭቃ? አልሄድንም። እሱ ግን ቅስቱን ከጎበጠው እንጨት ሠርቶ መሀሉን በመቀስ ቆረጠው። «ሙጫቸው ምን ነበር?» ብሎ ጠየቃት። «ኖራ» አለችው። «ደህና ሙጫ» አለ፣ እንደ ባለሙያ።

የእኔ ጉዳይ የወጣው ልጄ ግድግዳው ላይ ካሉት ስፌቶች መሀል አንዱን ሲያወርድ ነው። ሙዳይ ነው፣ ያላለቀ፣ ወደ አንድ ጎን የተጣመመ።

«ይኼንን ማን ሠራው?»

«እናትህ» አለች እናቴ።

አሥር ዓመቴ ላይ የጀመርኩት ነው። ወስፌ ስትሰጠኝ ደብተር እገልጣለሁ። የቤት ሥራ አለብኝ እላለሁ፣ ባይኖርም። ስፌት የሚሠራ ሰው የትም አይደርስም ብዬ አምን ነበር። እሷ አልገፋችኝም። አሜሪካ ደረስኩ፣ ሙዳዩ እዚያው ቀረ። ይኼን ሁሉ ዓመት ጢስ እየጠጣ ከእሷ መሶቦች ጎን ተሰቅሏል።

ልጄ ጣቱን በጠማማው ላይ እያስኬደ «ለምን ተጣመመ?» አለ። እናቴ አሳየችው። ስንደዶው ውስጥ ይሆናል፣ አክርማው ላዩን እየዞረ ይጠቀለላል፣ ባለቀለሙ አለላ ጌጥ ነው። አክርማው ግን መጀመሪያ ውኃ ነክቶት መለስለስ አለበት። «እናትህ መንከሩ ይሰለቻታል። ደረቁን ትስበዋለች፣ ይበጠሳል፣ ትቀጥለዋለች።» ልጄ ዝም ብሎ አሰበና «እንደ እንጨቱ!» አለ። እንጨቱን መቀቀል ከየት እንዳመጣችው ያኔ ነው የገባኝ። አርባ ዓመት ሣር ስታረጥብ የኖረች ሴት ናት።

ወስፌ ሰጠችው። አውራ ጣቱን ወጋ፣ መጠጠ፣ ቀጠለ። ጎረቤታችን ቡና ልትጠጣ ስትገባ አየችውና አፏን ያዘች። «ወንድ ልጅ ስፌት? ኧረ ሰው እንዳይሰማ!» ከደጅ ቡሄ ደርሷል፣ የሰፈሩ ወንዶች ጅራፍ ያጮኻሉ። የእኛው ጉልበቱ ላይ አክርማ ዘርግቷል። እናቴ ቀና እንኳ አላለችም። «የለበስሽውን ሸማ ማን ሠራው?» አለቻት። ጎረቤታችን ነጠላዋን አየት አደረገች። ሸማ የሚሠሩት ወንዶች ናቸው። «እሱማ ሽመና ነው» አለች። «ክር ያው ክር ነው» አለች እናቴ፣ ቡናውን እየቀዳች።

ልጁ ሙዳዬን ሁለት ዙር ጨመረበት። የእሱ ዙር ከእኔ ይሻላል። ይኼን ስጽፍ ትንሽ ቆጭቶኛል፣ አልዋሽም። እኔም እሱ ሲተኛ ተቀምጬ አንድ ዙር ሠራሁ፤ አርጥቤ።

ስንመለስ ጎጆው እናቴ ዘንድ ቀረ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ። የተረፈውንም እንጨት ትተንላት መጣን። ከስድስት መቶ በላይ ይሆናል። ምን ታደርገዋለች አላልኩም፣ ለእሳት ማቀጣጠያ ይሆናታል ብዬ ነበር።

መስከረም መጨረሻ ላይ እህቴ በቪዲዮ ደወለችልን። ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ከቤቱ ጀርባ ያለው መደብ በሙሉ በትንንሽ ባለቀለም እንጨቶች ተተክሏል። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ። እናቴ አለላ በምትነክርበት ቀለም ነክራቸዋለች። ፊደል አልቆጠረችም፣ ስለዚህ ስም አትጽፍም። ቀዩ በርበሬ ነው፣ አረንጓዴው ጎመን፣ ሐምራዊው ቀይ ሽንኩርት። ልጄ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ።

«እማምዬ፣ ያ ቀለም የሌለው ምንድን ነው?»

እናቴ ጎንበስ ብላ አየችው። አፈሩን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

«እሱን ረስቼዋለሁ» አለች። «ሲበቅል እነግርሃለሁ።»