«ሥራ የለኝም» ያልኩበት ቀን

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ትልቋን ልጄን አንደኛ ክፍል ላስመዘግብ ሄድኩ። ቅጹን የምትሞላው ወጣት ስሜንና አድራሻዬን ጠየቀችኝና ቀና ሳትል «ሥራ?» አለች። «የለኝም» አልኳት። በቦታው ሰረዝ አድርጋ ወደሚቀጥለው አለፈች። ክፉ አልተናገረችኝም፤ የጻፈችው እኔ ያልኳትን ነው። ልጄ ግን እጄን ይዛ ቆማ ስለነበር፣ ታክሲ ስንጠብቅ «እማዬ፣ ሁልጊዜ ትሠሪ የለም እንዴ? ለምን የለኝም አልሻት?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁላት። በዚያን ዕለት መብራት ሳይቆራረጥ ለመጋገር ብዬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ 27 እንጀራ አውጥቼ ነበር።

ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት በአንድ ባንክ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ታናሹ ልጄ በሳንባ ምች ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ከተኛ በኋላ ከባለቤቴ ጋር መክረን ሥራዬን ለቀቅኩ። ውሳኔው የሁለታችን ስለነበር አይቆጨኝም ብዬ አስቤ ነበር። ነገር ግን የወር መጨረሻ ሲደርስ የደመወዝ መልእክት አይመጣም። የሽንኩርት ገንዘብ ስጠይቅ ባለቤቴ አንድ ቃል ሳይናገር እየሰጠኝ እንኳ ፊቴ ይግላል። የቆየ ልማድ አይለቅምና ቀኑን ሙሉ እቆጥራለሁ፤ ዕቃ ሦስት ጊዜ፣ ሁለት ባልዲ ልብስ፣ ከገበያ እስከ አራተኛ ፎቅ የተሸከምኩት ዘንቢል። ማታ ስደምረው በእጄ የሚቀር ነገር የለም። የታጠበው ቆሽሿል፣ የተጋገረው ተበልቷል። ከእኔ ጋር የጀመሩት ጓደኞቼ ኃላፊ ሆነው ሳይ ደግሞ ለጸሎት ቆሜ የማስበው እነርሱን ነበር።

ኅዳር 21፣ የጽዮን ማርያም ዕለት፣ የጽዋ ማኅበራችን ተራ የእኛ ቤት ሆነ። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ሽሮና ምስር ወጥ ሠራሁ፣ ድፎ ዳቦ ጋገርኩ፣ ጠላው ከሳምንት በፊት ተጠንስሷል። ሰው ሁሉ ሲጸልይና ሲጨዋወት እኔ ከጓዳ አልወጣሁም። እንግዶቹ ሲሄዱ ለንስሐ አባቴ የውስጤን ነገርኳቸው። «አባቴ፣ ሌላው እንደ ማርያም ከጌታ እግር ሥር ሲቀመጥ እኔ በማገልገል እንደ ባከነችው እኅቷ እንደ ማርታ ሆኜ ቀረሁ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ማርታን ከሉቃስ ወንጌል ብቻ ነው የምታውቂያት?» አሉኝ። የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 11 እና 12 እንዳነብ አዝዘውኝ፣ ቤቱን ባርከው ሄዱ።

ልጆቹ ሲተኙ አነበብኩት። ወንድሟ ሞቶ ጌታን ለመቀበል ከመንደሩ የወጣችው፣ «አንተ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ» እንደሆነ አምናለሁ ያለችው ማርታ ናት። በሚቀጥለው ምዕራፍ፣ ከፋሲካ ስድስት ቀን በፊት በቢታንያ፣ «በዚያም እራት አደረጉለት፤ ማርታም ታገለግል ነበር» ይላል። አሁንም ታስተናግዳለች፤ ተዪው የሚላት ግን የለም። ወደ ሉቃስ ተመልሼ ልዩነቱን ፈለግሁ። እዚያ እኅቷ ብቻዋን እንደተወቻት ለጌታ ትከሳለች፤ የእኅቷን ድርሻ ከራሷ ድርሻ ጋር እያስተያየች ነው። እርሱም የነገራት ስለ መጨነቋና ስለ መታወኳ እንጂ ምግቡን እንድትተው አይደለም። ወንጌሉን ይዤ ረጅም ሰዓት ቁጭ አልኩ። እኔም ስደምር የከረምኩት ይህንኑ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራው አልቀነሰም፤ መቁጠሩን ግን በጸሎት ተካሁት። እናቴ ደብረ ብርሃን ሳለን ቡሖቃውን ስትከፍት «በስመ አብ» ብላ ሊጡ ላይ ሳታማትብ አትጀምርም ነበር፤ እኔም ያንን ያዝኩ። ምጣዱን በጎመን ዘር አሰስና ሊጡን ከዳር ወደ መሐል አዞራለሁ፤ ዓይን ሲያወጣ አክንባሎውን እደፋለሁ። አቡነ ዘበሰማያትና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ቀስ ብዬ ስጨርስ እንጀራው በስሎ ጠርዙ ይነሣል። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ» የሚለውን እንፋሎቱ ፊቴን እየመታኝ ስለው፣ ለማን እንደምለምንና ለእነማን እንደምጋግር አንድ ላይ ይታወቀኛል። በየመሐሉ የአንድ ሰው ስም እጨምራለሁ፤ የታመመች ጎረቤት፣ ቤሩት ያለችው የአክስቴ ልጅ።

ይህን ስል ሴት ሁሉ ሥራዋን ትታ ቤቷ ትግባ ማለቴ አይደለም። ምሳሌ 31ን እያነሡ እንደዚያ የሚያስተምሩ ሰዎችን ስሰማ አዝናለሁ። በዚያ ምዕራፍ ያለችው ሴት ገና ሌሊት ሳለ ተነሥታ ለቤተሰቧ ምግብ ትሰጣለች፤ እርሻም አይታ ትገዛለች፣ የበፍታ ልብስ ሠርታም ትሸጣለች። ልጆቼ ሲጠነክሩ እኔም ወደ ሂሳብ እመለስ ይሆናል። በዚህ ዓመት ከባለቤቴ ጋር የጋራ የባንክ ሂሳብ ከፍተናል፤ ለሽንኩርት መጠየቅ ቀርቷል። እርሱም ሊደረግ የሚገባው ነገር ነበር።

በመጋቢት 29 የብሥራት ዕለት ቅዳሴ አስቀድሼ የድንግል ማርያምን ሥዕል ስመለከት ቆየሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት መልአኩ አስቀድሞ ውኃ ስትቀዳ ተናገራት፤ ኋላም ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል አበሠራት። ክሩ በእጇ ነው። እመቤታችን እንላታለን። እመ ቤት በግእዝ የቤት እናት ማለት ነው። ቅጹን ትሞላ ለነበረችው ወጣት መልስ ሊሆን ይችል የነበረው፣ እኔ ግን አፍሬ ያልተናገርኩት «የቤት እመቤት» የሚለው ስም፣ ለድንግል ማርያም የምንሰጣት ስም ነበር። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ትናንት ማታ አብሲቱን አብስዬ፣ ቀዝቀዝ ሲል ከሊጡ ጋር ስቀላቅል ልጄ በርጩማ ስባ አጠገቤ ቆመች። «እኔ ላማትብ?» አለችኝ። እጇን አስታጠብኳትና በአመልካች ጣቷ ሊጡ ላይ መስቀል ሠራች፤ ምልክቱ ወዲያው ጠፋ። «ጠፋ እኮ» ብላ ቅር አላት። ከድነነው ተኛን። ጎሕ ሲቀድ ቀድማኝ ተነሥታ ከጓዳ ጠራችኝ፤ ሊጡ ኩፍ ብሎ ክዳኑን አንሥቶት ነበር።