ዕጢን የሚያበራውን መድኃኒት ወደ ሥራ ያስገባንበት መንገድ

በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ነኝ። የአንጎል ቀዶ ሐኪሞቻችን ግሊዮላን የተባለውን መድኃኒት ለመጠቀም ሲወስኑ፣ መድኃኒቱ ከፋርማሲ ወጥቶ ሕመምተኛው ከጠጣው ጀምሮ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ክትትሉ እስኪያበቃ ድረስ ያለውን ሥራ የማቀናጀት ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠ። ሐኪሞቹ የሚወስዱት ሥልጠና የተወሰነ ስለሆነ የእነርሱ ድርሻ ግልጽ ነበር፤ የነርሶቹን ድርሻ ግን ራሳችን ቁጭ ብለን መጻፍ ነበረብን።

ይህ 5-ኤኤልኤ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው መድኃኒት በራሱ ቀለም አይደለም። ሰውነታችን ለቀይ የደም ሕዋሳት የሚያስፈልገውን ሄም ሲሠራ የሚጠቀምበት ንጥረ ነገር ነው። በአፍ ሲወሰድ፣ እንደ ግሊዮብላስቶማ ያሉ አደገኛ የአንጎል ዕጢዎች ፕሮቶፖርፊሪን ወደሚባል ንጥረ ነገር ይለውጡትና በውስጣቸው ያከማቹታል፤ የተከማቸውም 400 ናኖሜትር አካባቢ በሆነ ሰማያዊ ብርሃን ሲበራበት ቀይ ሆኖ ይታያል። በነጭ ብርሃን የዕጢው ዳርቻና ጤናማው አንጎል ስለሚመሳሰሉ፣ ጥቅሙ ጎልቶ የሚወጣው እዚያ ዳርቻ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የጀርመን ጥናት እንዳሳየው፣ በመድኃኒቱ በታገዘው ቀዶ ጥገና በኤምአርአይ የሚታየው ዕጢ ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው 65 በመቶ ሲሆኑ፣ በነጭ ብርሃን ብቻ በተሠራላቸው ዘንድ ቁጥሩ 36 በመቶ ነበር። በስድስተኛው ወር ሕመሙ ሳይባባስባቸው የቆዩትም 41 በመቶ ለ21 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ በአጠቃላይ የመኖር ዕድሜ ላይ ግን ጉልህ ልዩነት አላሳየም፤ ይህን ለቤተሰብ አለመሸሸግ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። አውሮፓ መድኃኒቱን እ.ኤ.አ. በ2007፣ አሜሪካ ደግሞ በ2017 ፈቅደዋል።

ከሁሉ በላይ ያደከመን ሰዓቱ ነው። ሕመምተኛው መድኃኒቱን መጠጣት ያለበት ማደንዘዣ ከመሰጠቱ ሦስት ሰዓት ገደማ አስቀድሞ፣ ማለትም ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ቀዶ ጥገናው ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል የሚጀመር ከሆነ፣ ሌሊት ለዐሥር ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ሰው ዱቄቱን በ50 ሚሊ ሊትር ውኃ በጥብጦ፣ በሕመምተኛው ክብደት ልክ ሰፍሮ ሊያጠጣው ይገባል። ያ «አንድ ሰው» ማን ነው? የሌሊቱ ተረኛ ነርስ፣ ፋርማሲው ወይስ የቅድመ ቀዶ ጥገና ክፍሉ? ይህን በስም ሳንወስን አንድም ሕመምተኛ አልቀጠርንም። መጠኑ ለአንድ ኪሎ ግራም 20 ሚሊ ግራም፣ አንዱ ብልቃጥ ደግሞ 1.5 ግራም በመሆኑ፣ ከ75 ኪሎ ግራም በላይ ለሚመዝን ሰው ሁለተኛ ብልቃጥ መከፈት አለበት። መድኃኒቱ ውድ ስለሆነ ፋርማሲው ብዙ አያከማችም፤ ስለዚህ ክብደቱን ቀደም ብሎ ማወቅ የቀጠሮው አካል ሆነ።

የቀዶ ጥገናው ክፍል ውስጥ ደግሞ ጨለማውን መልመድ ነበረብን። ሐኪሙ ማይክሮስኮፑን ወደ ሰማያዊ ሲያዞር የክፍሉ መብራት ይቀነሳል፤ ዕጢው እንደ ፍም ቀልቶ ይወጣል፣ ደም ግን ጥቁር ሆኖ ይታያል። ጥቂት ደም እንኳ ቀይ ብርሃኑን ስለሚሸፍነው መታጠብ አለበት፣ የሚደማውን ለማስቆምም ወደ ነጭ ብርሃን መመለስ ያስፈልጋል። እኛ መሣሪያዎቹን ሁልጊዜ በአንድ ተርታ መደርደር የጀመርነው በዚህ ምክንያት ነው፤ እጃችን ዓይናችንን ሳይጠብቅ እንዲያገኛቸው። ትንንሾቹን የጥጥ ቁራጮች የምንቆጥረውም መብራቱ ሲመለስ ብቻ እንዲሆን ተስማማን።

ናሙናዎቹንም ለየብቻ ማስቀመጥ ጀመርን፤ በአንዱ ዕቃ ላይ «ደማቅ ቀይ»፣ በሌላው «ሐመር ሮዝ»፣ በሦስተኛው «ያላበራ» ተብሎ ይጻፋል። ናሙናዎቹን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ በዚህ እጅግ ተደሰተ፤ ምክንያቱም ብርሃኑ ፍጹም ምስክር አይደለም። ያልበራ ሥፍራ ሁሉ ከዕጢ ነጻ አይደለም፣ የተቆጣ ጤናማ ሕብረ ሕዋስም አንዳንዴ ሊበራ ይችላል። ደግሞም ንግግርን ወይም እንቅስቃሴን በሚቆጣጠር አካባቢ ሐኪሙ ቀዩን እያየው አውቆ የሚተወው ጊዜ አለ።

ከሕመምተኞቻችን አንዲት የጎንደር እናት ነበሩ። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ ቢመድብም፣ እኔን ሲያዩ አስጠሩኝና፦

«ልጄ፣ ይሄ መድኃኒት ዕጢውን ያቀልጠዋል አሉ?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ለሐኪሞቹ የት እንዳለ ያሳያቸዋል እንጂ እሱ አያጠፋውም። የሚያወጡት እነርሱ ናቸው።»

«ታዲያ በፊቱ ጸበሌን ብቀምስስ?»

ይህ በየትኛውም መመሪያችን ላይ አልነበረም። የማደንዘዣ ሐኪሟን ጠየቅኋት፤ ንጹሕ ውኃ ማደንዘዣ ሊሰጥ ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ የሚፈቀድ በመሆኑ ጥቂት እንዲጠጡ ፈቀደች። እማማ ጸበሉን ቀምሰው፣ መድኃኒቱንም ፊታቸውን አኮማትረው ጨረሱት። ከዚያ በኋላ የቀረው ቆዳቸውንና ዓይናቸውን ለ48 ሰዓት ከጠንካራ ብርሃን መጠበቅ ነበር፤ ለልጆቻቸው መጋረጃውን እንዳይከፍቱ ስነግራቸው፣ እርሳቸው ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው «ይኼው» አሉ።

አሁን የሳንባ ቀዶ ሐኪሞቻችን እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ለሳንባ ዕጢ የተፈቀደውን ፓፎላሲያኒን የተባለ ሌላ ዕጢን የሚያበራ መድኃኒት ለመጀመር እየተዘጋጁ ነው። እርሱ በደም ሥር ይሰጣል፣ ብርሃኑም በዓይን የማይታይ ስለሆነ በልዩ ካሜራ በስክሪን ላይ ብቻ ይታያል። የሚጣበቀው ፎሌት የተባለውን ቪታሚን የሚይዝ ተቀባይ በሚበዛባቸው ሕዋሳት ላይ በመሆኑ፣ ፎሊክ አሲድ ያለበትን ቪታሚን ከ48 ሰዓት በፊት ማቆም ያስፈልጋል። ቪታሚንን ከመድኃኒት የሚቆጥር ሕመምተኛ ብዙ ስለማላይ፣ ቅድመ ቀዶ ጥገና በሚደረገው የስልክ ጥሪ ላይ «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ከሚለው ቀጥሎ «ቪታሚንስ?» የሚል ለብቻው የቆመ ጥያቄ እንዲጨመር ጠይቄ ተጨምሯል።